እልልታ የተከለከለበት ግልቢያ

የልጅ ልጆቼ በቴሌቪዥን የመኪና ውድድር ሲያዩ እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። የመኪናውን ስምና የነጂውን አገር እነሱ ይወቁት፤ እኔ የማየው ሜዳውን ነው። «ይኼ መታጠፊያ ጥሩ ነው፤ ያኛው ግን ፈሪ የሚደበቅበት ነው» ስላቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። ፎገራ ላይ ፈረስ ያልጋለበ ሰው ስለ ውድድር ሜዳ ሲያወራ እኔም በልቤ እስቃለሁና ተቻችለን እንኖራለን።

የኛ ሜዳ ከወረታ ወደ ጣና ወረድ ሲሉ የሚገኘው ነው። ክረምት ውኃ ይወስደዋል። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ፣ ሐይቁም ከወዲያ ሲገፋ፣ አገሩ ሁሉ ባሕር ይሆናል። ውኃው ሲሸሽ ሣር ይወጣል፣ ሣሩን ከብት ይግጠዋል፣ ጥር ሲገባ ደግሞ ያ ጥቁር ዋልካ አፈር ይደርቅና አፉን ይከፍታል። ፈረስ በሙሉ ኃይሉ እየመጣ እግሩ ንቃቃት ውስጥ ከገባ አለቀለት፤ ፈረሱም፣ ነጂውም። ስለዚህ ጥምቀት ሳይደርስ ሜዳው ይሠራል። ሜዳ መሥራት ሲባል ዶማና አካፋ የሚመስለው አለ። እኛ የምንሠራው በከብት ነው። የጤፍ መሬት እንደምናስረግጥ ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ የመንደሩን ከብት እናወጣና በግልቢያው መስመር ወዲያና ወዲህ እንነዳዋለን። ንቃቃቱ በአፈርና በእበት ይሞላል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በዱላ እየወጉ ይፈትሹታል፤ ዱላ የገባበት ቦታ ላይ ከብቱ እንደገና ይመለሳል። ሲያልቅ መሬቱ የፈረስን እግር ይቀበላል እንጂ አይመታውም። እንዲህ ያለ መሬት የት ይገኛል? ደራ ወርጄ አንበሳሜ ገበያ አጠገብ የሚጋልቡበትን አይቻለሁ፤ ድንጋይ ነው። የደራ ሰው ይህን ቢሰማ ይጣላኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ተመልካቹም የታደለ ነበር። የሚቀመጥበት ጉብታ በምዕራብ በኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆንለታለች፣ የጣናም ነፋስ ከጀርባው ይነሣና አቧራውን ወደ ማዶ ይወስድለታል። ያንን ጉብታ መጀመሪያ ማን እንደ መረጠው አላውቅም፤ ማንም ይሁን ነፍሱን ይማረው። አንድ ጉድለት ግን ነበር፤ ግልቢያው ቀጥ ያለ ነው። ፈረሶቹ ከሩቅ ከሾላው ዛፍ ሥር ይነሣሉ። መጀመሪያ ነጥብ ይመስላሉ፣ ቀጥሎ ድንገት ፊትህ ላይ ይደርሳሉ፣ ዓይንህን አሽተህ ስታበቃ ግልቢያው አልቋል። ማን የት ላይ እንደ ቀደመ፣ ማን እንዴት እንደ ነዳ የሚያውቅ የለም። ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚከራከረው ባላየው ነገር ላይ ነበር።

እኔ በዚያ ጉድለት የምበሳጭበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። አባቴ በጉልምስናቸው በአገሩ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ሃያ ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ ዓይናቸውን ሞራ ይጋርደው ጀመር። ጣራ ገዳም ሄደው ጠበል ተጠመቁ። ጎንደር ሐኪም ዘንድ እንውሰድዎ ስንላቸው «ዓይኔን ብረት አይነካውም» ብለው እምቢ አሉ። የቅርቡን ያያሉ፤ የሩቁ ግን ጭጋግ ሆነባቸው፤ ቅርቡም ቢሆን ከወር ወር እየጠበበ መጣ። ያን ጊዜ ዳማ ፈረሳቸውን እኔ እንድጋልበው ተዉልኝ። ተዉልኝ እንጂ አልሰጡኝም። «ፈረስ ለሚችል ነው የሚሰጥ። ደጃፍ ላይማ ማንም ጎበዝ ነው። ሜዳ ላይ ሳላይህ የኔ ነው አትበል» አሉኝ። እንዲያዩኝ እንግዲህ እንዴት ይሁን? ባለፈው ጥምቀት ጉብታው ላይ ተቀምጠው ያዩት ጭጋግ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ጊዜው እየሄደ ነው። የሚመጣው ጥምቀት ካለፈ ሌላ ጥምቀት በዓይናቸው እንደማያዩ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እናቴም ታውቃለች፤ ማናችንም አናወራውም።

በዚያው ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ባሌስትራው ተሰብሮ ወረታ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ዕቃው ከጎንደር እስኪመጣለት ሥራ ፈቶ ይዞር የነበረ አፈኛ ወጣት ነው፤ ያደገው አስመራ ነው። አንድ ቀን ከብት የምናስረግጥበት ቦታ መጥቶ ከአባቴ አጠገብ ቆመ።

«ይኼን ሁሉ የምትደክሙት ለአንድ ትንፋሽ ሩጫ ነው?» አለ።

«ታዲያ ፈረስ እስከ ጎንደር ይሂድልህ?» አሉት አባቴ።

«የለም አባባ፣ አይቆጡኝ። እኔ ልጅ ሆኜ አስመራ የመኪና ውድድር አይቻለሁ። መኪኖቹ ከተማውን ይዞራሉ እንጂ ሄደው አይቀሩም። ሰው አንድ ቦታ ቆሞ ያለፈውን መልሶ ያየዋል። ደግሞስ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚታየው ሞተሩ ነው። ነጂው የሚታየው ሲታጠፍ ነው።»

አባቴ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ወደሱ ዞሩ። «በል እስቲ ድገምልኝ» አሉት። ደገመላቸው። ያን ዕለት ማታ ሾፌሩ ቤታችን በላ፣ ጠጣ፤ አባቴ ስለ መታጠፊያ ብቻ እየጠየቁ ሲያደርቁት አመሹ። ጥሩ መታጠፊያ ምን ዓይነት ነው? በጣም የጠበበ ከሆነ ሁሉም ይፈራውና ይሰለፋል አለ ሾፌሩ። በጣም ከሰፋ ደግሞ ሰነፉም እንደ ጎበዙ ያልፈዋል። ደፋር የሚገባበት፣ ፈሪ የሚተውለት ያህል ክፍተት ይኑረው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ረዥም ቀጥታ ይኑር፤ የተቀደመው ቁጭቱን የሚወጣበት። ይኸው እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አልሰማሁም።

ሽማግሌዎቹን ማሳመን ሌላ ጣጣ ነበር። «እንዴ! እንደ ውቂያ በሬ ክብ ልንዞር ነው?» አሉ። አባቴም «በሬው ሲዞር አይደል እህል ከገለባው የሚለይ!» ብለው ረቷቸው። ሾላው አንዱ መታጠፊያ ሆነ፤ ሌላኛው ጫፍ ላይ የእናቴ አሮጌ ነጠላ የታሰረበት እንጨት ተተከለ። ከብቱ እንደገና ወጣና አዲሱን መስመር ረገጠ። ሦስት ዙር እንዲሆን ተቆረጠ።

የጥምቀት ዕለት ታቦቱ ገብቶ ሰዉ ወደ ሜዳው ሲወርድ አንድ ያልታሰበ ነገር ታየ። ቀጥ ባለው ግልቢያ መጨረሻው ላይ የሚቀመጡት ባላባቶቹና ካህናቱ ነበሩ። ሸክላ ሠሪዎቹና ቀጥቃጮቹ ምንም ወደማይታይበት ወደ ሾላው ይገፉ ነበር፤ ይህ በኛ አገር ነውር መሆኑ እንኳ የማይታሰብ ነውር ነው። አሁን ሜዳው ክብ ሲሆን እነሱ የተገፉበት ቦታ ከሁሉ የበለጠው ሆኖ አረፈው፤ መታጠፊያው እግራቸው ሥር ነው። አባቴ ጉብታውን ትተው በትራቸውን እየደገፉ ቀጥ ብለው ወደዚያ ሄዱ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ተነሥታ ከፊት ለፊት ቦታ ለቀቀችላቸው። ከጉብታው ማጉረምረም ተሰማ። እኔ ፈረሱ ላይ ሆኜ ኮራሁባቸው።

እንደ ቀድሞው ከሾላው ሥር ተነሣን። ነጠላው የታሰረበትን የመጀመሪያውን መታጠፊያ አልፈን፣ ከፊት ካሉት ጋር እኩል ሆኜ፣ ወደ ጉብታው ስንቃረብ እናቴ የሴቶቹ አውራ ነችና እልልታዋን ለቀቀችው። ሁሉም ተቀበሏት። እዚያ ላይ ሁላችንም የረሳነው አንድ ነገር ነበር። ፈረሶቻችን ያደጉት በጉግስ ነው። በጉግስ የሚባረረው ፈረስ ወገኑ ወዳለበት ይሸሻል፣ እልልታው ሲቀልጥ ዞሮ በተራው ያባርራል። የሠለጠነ ፈረስ ነጂውን አይጠብቅም። እልልታውን እንደ ሰሙ ያገሩ ምርጥ ፈረሶች በሙሉ ባንድነት ተሽከረከሩና ወደ መጣንበት በረሩ። አንዱ ጓደኛዬ በፈረሱ አንገት ላይ አልፎ ሣር ላይ ተዘረጋ። የኔ ዳማ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ዞረ፣ ከሁሉ የተማረ ነዋ! ሾፌሩ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ጉብታው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልቅስ አልቅስ አለኝ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ አባቴም ያዩት ስንነሣ የዳማውን ጭራ ብቻ ነው።

ግልቢያው እንደገና እንዲነሣ ተወሰነ። መላው ግልጽ ነበር፤ ሴቶቹ ዝም ይበሉ። ግን በጥምቀት ቀን የፎገራን ሴት እልል አትበይ የሚል ማን አለ? ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና የአውራቸው ልጅ ነህ ብለው እኔኑ ላኩኝ።

«ምን አልህ?» አለች እናቴ። «ልጓም የሚገባለት ፈረሱ ነው ወይስ እኔ?»

«እማዬ፣ አባዬ አላዩኝም» አልኋት።

ፊቷ ተለወጠ። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገችና ወደ ሴቶቹ ዞራ እጇን አነሣች። አንድ ሜዳ ሙሉ ሰው ጸጥ አለ።

እንዲያ ያለ ግልቢያ ከዚያ በፊት አልነበረም፣ ከዚያም ወዲህ አላየሁም። የሚሰማው ኮቴ ብቻ ነው። የፈረሶቹን ትንፋሽ፣ የኮርቻውን ሲጢጥ ማለት፣ ከጎኔ ያለው ነጂ ለራሱ የሚያንሾካሹከውን ሁሉ እሰማለሁ። ጉብታውን ስናልፍ ሰዉ አፉን በእጁ አፍኖ ሲያየን ነበር፤ ዳማው ጆሮውን አቁሞ እልልታውን ጠበቀ፣ ሲያጣው ጊዜ ቀጠለ። ሾላው ላይ ስደርስ ልጓሙን አልሳብሁበትም። በጉልበቴ ብቻ ነካ አደረግሁትና ከሱ ጋር ወደ ውስጥ አዘነበልሁ፤ ሌሎቹ ሰፍተው ሲዞሩ እኔ በዛፉ ሥር ሾልኬ ወጣሁ። አባቴን አየኋቸው። አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ፊታቸውን እኔን ተከትለው አዞሩ። አዩኝ! በቀሩት ዙሮች ወደሳቸው አልተመለከትሁም፤ ፊት ለፊቴን እያየሁ ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ። በመጨረሻው ቀጥታ ላይ አንድ ግራጫ ፈረስ ባንገት ቀደመኝ። ግድም አልሰጠኝ። የታፈነው እልልታ ያን ጊዜ ባንዴ ተለቀቀና ፈረሶቹ ሁሉ እንደ ልማዳቸው ተሽከረከሩ።

ዳማውን እየሳብሁ ወደ ሾላው ሮጥሁ። አባቴ በሸክላ ሠሪዎቹ መካከል እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል።

«አባዬ፣ አዩኝ?»

«የፊተኛውን ዙር አየሁህ» አሉ። «የቀሩትን ጨፍኜ ነው የሰማሁህ።»

ተናደድሁ። ያ ሁሉ ከብት፣ ያ ሁሉ ክርክር፣ እናቴ እንኳ አፏን የዘጋችው ለምን ሆነና? «እንዴት ይጨፍናሉ? ለርስዎ ብዬ አይደለም ወይ!» አልኋቸው፤ ድምፄም ከልኩ አለፈ።

«አትቆጣ ልጄ። ለከርሞ የማይህ እንዲህ ነው። ይቻል እንደሆን ልሞክረው ብዬ ነው።»

ሸክላ ሠሪዋ ፊቷን አዞረች።

«ታዲያስ?» አልሁ።

«ይቻላል። እዚህ ቦታ ላይ ይቻላል። ሌሎቹ ልጓም ሲስቡ ፈረሳቸው ብረቱን ሲያኝክ ሰማሁት። የኔ ዳማ ግን ዝም ብሎ ነው የዞረ፤ ሦስቱንም ጊዜ።» እጃቸውን ዘርግተው የፈረሱን አንገት ፈለጉ፤ ላቡን ዳበሱት። «በል፣ ያንተ ነው። ምርቃቴ ነው።»

ከዚያ ክንዳቸውን ሰጡኝ። «አሁን አንሣኝና ፈረሱ ላይ አስቀምጠኝ። እስከ ቤት ምራኝ» አሉ።

አባቴ በሕይወታቸው ፈረስ ተመርቶላቸው አያውቅም፤ በሰው እጅ የሚመራ ፈረስ ላይ የሚቀመጡት ሙሽራና በሽተኛ ናቸው ይሉ ነበር። አንሥቼ ኮርቻው ላይ አስቀመጥኋቸው። ልጓሙን ይዤ ከዳማው አንገት ጎን ሄድሁ፤ እንባዬ እንዳይሰማ አፌን ገጥሜ ነበር፣ እሳቸው ግን መስማት ጀምረው ነበርና ከላይ ሆነው እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ።