ብርቄ ዳገቱን የወጣችበት ታኅሣሥ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ በካናቴራ ብቻ ከውጭ ገባችና «እማማ፣ ዘንድሮ እኮ ብርድ የለም!» አለችኝ። እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ፣ ያውም በታኅሣሥ! ደስ ብሏት ትስቃለች። እኔ ግን ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ።

እኔ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ። እዚያ በታኅሣሥ ማሽላ የሚጠብቅ ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ ብርድ የሚባለውን የማውቀው በወሬ ነበር። ለመንዝ ሰው ተድሬ ስመጣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳዩ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፤ ደጅ ያደረ ውኃ ግግር ብሎ ይጠብቀኛል። ወይ ጉድ! በእግር ተሂዶ በሚደረስበት እንዲህ ያለ ሌላ አገር አለ ብሎ ማን ያስባል? የበግ ጠጉር ባና ደርቤ እሳት ላይ ተደፍቼ ሲያዩኝ ጎረቤቶቼ «የቆላ ዶሮ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው። እኔም ወርጄ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ እናቴ ብርቄ አለቻት። እኔን የማሽላ ገንፎ በቅቤ እያበላች አረሰችኝ፤ ልጄም ዛፍ ሥር ራቁቷን ስትንፈራገጥ እየዋለች ክንዷ ድብልብል አለ። ክርስትና እንደተነሣች ግን የባሌ አባት በቅሎ ይዘው ሊወስዱን ወረዱ። ላይ ደጋው ውቂያ ደርሷል፤ ቤቱ ሰው ይፈልጋል።

እናቴ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ስለ ማርያም ብለው ጥር ይውጣና ይውሰዷቸው። ይቺ ልጅ ብርድ አታውቅም።»

«እዚህ ተቀምጣ ወባ ይብላት እንዴ?» አሉ። «የመንዝ ዘር ናት። መንዜን ብርድ አይገድለውም።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። መንገዱን ሁሉ ብርቄን በጋቢያቸው ሸፍነው ያቀፏት እሳቸው ናቸው። አፋፉ ላይ ስንደርስ ያ ንፋስ ፊታችንን ገረፈው። ልጄ ትንፋሿ ቁርጥ አለ፤ ከዚያ ጮኸች። በማግስቱ ሳል ጀመራት። ቅቤ ቀባናት፣ ጠበል አመጣንላት፤ ጤና ጣቢያ ያኔ ሩቅ ነበር። ገናን ሳታይ ሞተችብኝ።

ከቀብሯ ስንመለስ የባሌ አባት ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው «ምነው እናትሽን በሰማሁ» አሉኝ። ለዚያች ቃላቸው እስኪሞቱ መልስ አልሰጠኋቸውም።

አሁን ሁሉም ተዘበራርቋል። በልጉ ሲያሻው ይቀራል፤ ውርጩ በወሩ ይጠፋና ባልታሰበበት ይመጣል። ከሞላሌና ከቀየት ለገበያ የሚመጡት ገበሬዎች «ብርዱ ሸሸን፣ ገብሱን ትል ጨረሰው» እያሉ ያማርራሉ። እውነታቸውን ነው፤ የምንበላው እኮ ያንኑ ገብስ ነው። ትናንት ጎረቤቴ «የድሮውን ብርድ ይመልስልን፣ አሜን በይ እንጂ!» አለችኝ። አፌ እንቢ አለኝ።

እኛ ብርዱን እንደ ተራራው የማይነቃነቅ ነገር አድርገን ነበር የምናየው። ለካ መሄድ ይችል ኖሯል! መሄድ ከቻለ፣ ያን አንድ ታኅሣሥ ለልጄ ፈቀቅ ቢልላት ምን ነበረበት?