ዐሥሩ ራኬቶችና የቡለን መንገድ

መምህር ይገረም ስድስት ዓመት ሙሉ እግሩ አሶሳ፣ ልቡ ቡለን ነበር። ሚስቱ ኮከብ የቡለን ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ልጁ ሐኒ የተወለደችው እሱ አሶሳ ኮሌጅ ከተመደበ በኋላ ስለሆነ አባቷን ከፊቱ ይልቅ በድምፁ ታውቀዋለች። ክረምት ሲገባ ሲሄድላት፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና ታየዋለች። መልመድ ስትጀምር እሱ ሻንጣውን ያነሣል። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር።

በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ ያስገባል፤ በየዓመቱ ክፍት ቦታ የለም ይባላል። እስከዚያው ስፖርት ያስተምራል፣ የኮሌጁንም የጠረጴዛ ቴኒስ ቡድን ያሠለጥናል። ቡድን ካሉት ነው እንግዲህ! በኮሌጆች ውድድር የመጀመሪያውን ዙር አልፎ አያውቅም። ተጫዋቾቹ ጠዋት ተሸንፈው ለምሳ ይደርሳሉ።

ዘንድሮ ግን ኢንዓም መጣች። የአሶሳ ልጅ ናት፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኳስ ስትመልስ ግን ምሕረት የማታውቅ። ሌሎቹም እሷን አይተው ነፍስ ዘሩ። ግንቦት ላይ የመጀመሪያውን ዙር አለፉ፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛውን። ግቢው ጉድ አለ። ትናንት ጠረጴዛ ቴኒስን የሥራ ፈት ጨዋታ ይሉ የነበሩ ሁሉ ወንበር ለመያዝ ይጋፉ ጀመር።

የዝውውሩ ደብዳቤ የደረሰው በዚሁ መሀል፣ በአንድ ማክሰኞ ነው። ቡለን ላይ ቦታ ተገኝቷል፤ እስከሚቀጥለው ሰኞ ሪፖርት ካላደረገ ግን ለተከታዩ አመልካች ይሰጣል። ይገረም በደስታ ለኮከብ ደወለ፤ ከዚያ ሳይዝ የማይለቀቅበትን ክሊራንስ፣ የንብረት ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጸውን ወረቀት፣ ለመጠየቅ እየሮጠ ንብረት ክፍል ሄደ።

የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ በቀለች "ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር" የተባለው ለእሷ ሥራ ይመስላታል። ካርዱን አወጣችና በጣቷ አሳየችው።

"መምህር፣ ዐሥር ራኬት ፈርመው ወስደዋል።"

"ልጆቹ እየተጫወቱበት ነው'ኮ፣ ወይዘሮ በቀለች።"

"ይጫወቱ። ዐሥሩ ሲመለስ ክሊራንስዎን እሰጥዎታለሁ።"

"በሌላ ሰው ስም ያዙሩልኛ!"

"ፈራሚ ያምጡ፣ አዞራለሁ።"

ፈራሚ ከየት ይምጣ? ግማሾቹ ራኬቶች ተሰንጥቀው በሙጫ የተጣበቁ፣ እጀታቸው በፕላስተር የተጠመጠመ ነው። የኛ ሰው ለወዳጁ ለቅሶ ይደርሳል፣ የታመመ ይጠይቃል፤ ለተሰነጠቀ የመንግሥት ዕቃ ግን አይፈርምለትም። የቅርብ ጓደኛው መምህር ሙላው እንኳ "ወንድሜ፣ ደምህን ስጠኝ በለኝ፤ ፊርማ ግን አትጠይቀኝ" አለው።

ይገረም ቀኖቹን አሰላ። ግማሽ ፍጻሜው ሐሙስ ነው። ከተሸነፉ ዓርብ ራኬቶቹን መልሶ፣ ቅዳሜና እሑድን ተጉዞ፣ ሰኞ ቡለን ይገኛል። ካሸነፉ ግን ፍጻሜው እሑድ ነው። አሠልጣኝ ሆኖ የገዛ ቡድኑን ሽንፈት ተመኘ። በሕይወቱ እንዲህ ያፈረበት ምኞት አልነበረም። መሸነፋቸው መቼም አይቀርም፣ ተጋጣሚያቸው ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ለሐኒም በስልክ "ሐሙስ ከተሸነፍን ሰኞ ካንቺ ጋ ነኝ" አላት። ልጅቷ የሰማችውን አትረሳም።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከአምስቱ ግጥሚያዎች ሁለት ለሁለት ሆኑና ሁሉም ነገር የኢንዓምን ጨዋታ ጠበቀ። ተጋጣሚዋ ረዥም፣ ክንደ ብርቱ ልጅ ነበረች፤ ኢንዓምን ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ አሯሯጠቻት። በመጨረሻው ዕረፍት ኢንዓም ላቧን እየጠረገች ወደ ይገረም መጣች።

"ወላሂ መምህር፣ ልጅቷ በጣም ትመታለች። ምን ላድርግ?"

ይገረም መልሱን ያውቃል። ከመጀመሪያው ጀምሮ አይቶታል፤ ረዥሟን ልጅ ወደ ሆዷ የሚመጣ ኳስ ያስጨንቃታል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። "አይዞሽ፣ በርቺ" ቢላትም ያስመሰግነዋል። ቡለን በሁለት ቀን መንገድ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። ኢንዓም ግን ዓይን ዓይኑን ታያለች፤ የሚላትን ሁሉ ልታምን ቆማለች። አንጀቱን በላችው።

"ወደ ጎን አትምቺ" አላት። "ወደ ሆዷ፣ ሁልጊዜ ወደ ሆዷ ላኪባት።"

ሐሙስ አሸነፉ። እሑድም አሸነፉ። ተማሪዎቹ ዋንጫውን ይዘው በባጃጅ አሶሳን ዞሩ፤ ይገረምንም በትከሻቸው ተሸከሙት። ከላይ ሆኖ ሳቀላቸው። ሲያወርዱት ሆድ ባሰው፤ ፊቱን የሚታጠብ መስሎ ቧንቧው ጋ ብዙ ቆየ።

ማክሰኞ ዐሥሩንም ራኬት አስረክቦ ክሊራንሱን ተቀበለ። የቡለኑ ቦታ ግን በዋዜማው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ደወለ። ኮከብ "እንኳን ደስ ያለህ" ብላ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

"አባዬ፣ አሸነፋችሁ?"

"አሸነፍን፣ የኔ እናት።"

"ሌላ ጊዜ ግን ተሸነፉልኝ፣ እሺ?"

"እሺ" አላት ይገረም።