ፈተናው እስኪያልፍ

አባቴ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ልምምዴ ተመለስኩ። ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን በትምህርት ቤት ምክር አገልግሎት እየተማርኩ ነበር። የመጨረሻውን ዓመት ግማሹን ዩኒቨርሲቲ፣ ግማሹን በተመደብንበት ትምህርት ቤት ነው የምናሳልፈው። ለእኔ የደረሰኝ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ቢሮ ብለው የሰጡኝ ክፍል የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ጥጉ ላይ አየራቸው የወጣ ኳሶች በመረብ ታስረው ተከምረዋል።

እውነቱን ለመናገር ሐዘኑ አልተሰማኝም። ለቅሶ ላይ እህቶቼ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ወንበር የጎደለው የት ጋ እንደሆነ እያየሁ ነበር። ከዚያ በኋላም ያው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ታክሲ ተሰልፌ እሳፈራለሁ። ልጆች ፊቴ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ሶፍት አቀብላለሁ፤ እንደተማርኩት ራሴን እየነቀነቅሁ «ከባድ ጊዜ ላይ ነሽ» እላለሁ። ድምፄ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስለኛል። ልምምዴን የሚከታተለው የዩኒቨርሲቲ መምህሬ አንድ ቀን ገብቶ ካየኝ በኋላ «ተረጋግተሻል፤ ጥሩ ነው» አለኝ።

በዚያ ሰሞን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተላከችልኝ። የክፍሏ ኃላፊ መምህርት «ጎበዝ ነበረች፤ አሁን ፈዛለች። ሚኒስትሪ ደርሷል፣ እስቲ አነጋግሪያት» ብላ ነው የሰጠችኝ። ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ የምትስብ ልጅ ነች። የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። እናቷ ታማ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ሰላሌ ሄዳ ጠበል እንደገባች ነገረችኝ።

«ትደዋወላላችሁ?»

«እሑድ እሑድ እንደዋወል ነበር። አሁን ኔትወርክ የለም ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

አክስቷን አስጠራሁ።

በማግስቱ ከሸክላ ሥራቸው ተነሥተው መጡ፤ ጥፍራቸው ሥር ጭቃው ደርቋል። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምስጢር ትይዣለሽ» አሉኝ። «እናቷ ካረፈች ወር አልፏታል። እህቴን እዚያው ቀብሬ ነው የመጣሁት። ፈተናዋ እስኪያልፍ ብለን ነው እንጂ... ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔም ለእህቴ የማለቅሰው እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ነው።»

አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን የወንበሩ ብረት ቅዝቃዜ ነው። እኔም እንዲሁ ነው የተደረግሁት። አጎቴ ደውሎ «አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ነይ» አለኝ። ለሕመምተኛ ብዬ ብርቱካን ገዛሁ። ሰፈር ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ብርቱካኑን እንደያዝኩ ገባሁ፤ ማን እንደተቀበለኝ አላስታውስም።

«እትዬ፣ ልጅቷ የጠረጠረች ይመስለኛል» አልኳቸው።

«ብትጠረጥርም ተስፋ አላት። ተስፋዋን አንቺ ልትነጥቂያት ነው?»

በሩን ከፍተው ሄዱ። ከሰዓት ዩኒቨርሲቲ ወርጄ ለመምህሬ ነገርኩት። «መርዶ የቤተሰብ ነው፤ አንቺ አትነግሪያትም። ከጠየቀችሽ ግን አትዋሺያትም» አለኝ። ቀጥሎ ጥቁር ቀሚሴን አይቶ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለ። ደህና ነኝ አልኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ ገና ከመቀመጧ «ቲቸር፣ ጥቁር የለበሱት ለማን ነው?» አለችኝ።

ስለ ራሳችሁ አታውሩ ተብለን ተምረናል። «ለአባቴ» አልኳት።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። ታሟል ብለው ጠሩኝ፤ ስደርስ ሞቷል።»

እጅጌዋን ሳበች። «ለሽያጭ የተዘጋጀ ድስት ሰበርኩ» አለች። «ድሮ ቢሆን አክስቴ ቀኑን ሙሉ ትቆጣኝ ነበር። አሁን ‹ግድ የለም የኔ ልጅ› አለችኝ። ጎረቤቶቹም እንደዚያ ናቸው። ሁሉም ሰው ጥሩ ሆነብኝ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ እናቴ ሞታለች?»

«አክስትሽን አብረን እንጠይቃቸው» አልኳት። «አሁኑኑ።»

ይህ መልስ ራሱ መርዶ እንደሆነ ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷ ግን ቦርሳዋን አነሣች። አስፈቅደን ወጣንና በቀጭኑ መንገድ ወደ ቤታቸው ወረድን። አክስቷ ግቢው ውስጥ ጭቃ እያቦኩ ነበር። ሁለታችንን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። ጠየቀችኝ።»

ልጅቷ «አክስቴ፣ ፈተናውን እፈተናለሁ። ብቻ ንገሪኝ» አለች።

አክስቷ ተነሥተው በዚያው እጃቸው አቀፏት። የልጅቷ ጩኸት ሳያልቅ ግቢው በሰው ሞላ፤ ጎረቤቶቹ አጥሩ ሥር ቆመው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስሉ ነበር። አንዲት ሴትዮ ዱካ አምጥታ እዚያው በሩ ጋ አስቀመጠችኝ። ሁሉም ያለቅሳል። እኔ የማየው የልጅቷን ሹራብ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ የአክስቷ ጣቶች በጭቃ ታትመዋል፤ ጭቃው ከዳር ጀምሮ እየነጣ ሲደርቅ አየሁት። ከዚያ አምስት ሰዓት ላይ የማነጋግረው ተማሪ እንዳለኝ ትዝ አለኝና ተነሣሁ።

ልጅቷ ሳምንት ቀርታ በጥቁር ሻርፕ ተመለሰች። ፈተናውን ተፈተነች። ውጤቷ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ግን አለፈች። እኔም በዚያው ክረምት ተመረቅሁ። ለአባቴ ግን እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። እህቶቼ መጀመሪያ ይገርማቸው ነበር፤ አሁን ትተውኛል።

አክስቷን አንድ ጊዜ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ፣ ፋርማሲ በር ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል መግባቷን ነገሩኝ። ቀጥለው ክንዴን ያዝ አድርገው «ጥቂት ቀን ነበር እኮ የቀረው። ምናለ ብትታገሺ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ታክሲያቸው መጣና ተሳፈሩ።