«ተመልሶ» ላይ የቆመው ዓረፍተ ነገር

ሱፐርቫይዘሩ ማስተማሬን ሊገመግሙ የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ እህል አልዋጥልኝ አለ። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ተማሪዎቼ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ እርሻ ወርደው ለሳምንታት ይጠፋሉ፤ ሲመለሱ እጃቸው ሻክሮ፣ የተማሩት ሁሉ ተኖ ነው። ቦዝ አንቀጽ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃቸው ትርጉሙን በአንድ ድምፅ ይወርዱታል። ጻፉ ስላቸው ግን «ጠዋት ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ደብተሬን ይዤ» ይሉና መስመሩ ሲያልቅ እነሱም ያበቃሉ። በመጨረሻ ምን እንደሆነ የሚነግረን ማሰሪያ አንቀጽ የለም።

ትርጉም ማስጠናቱን ተውኩት። በምትኩ አንድ ነገር ጀምሬላቸው ሳልጨርስ ዝም እል ጀመር። «ትናንት ከገበያ ስመለስ አንድ ትልቅ ውሻ አይቶኝ፣ ጮሆ፣ አጥሩን ዘሎ...» ብዬ ጠመኔዬን አስቀምጣለሁ።

«ከዚያስ?» ብለው ይጮኻሉ።

«እኔም የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ እንዲህ ነው የምሆነው» እላቸዋለሁ።

ውሎ አድሮ አንዱ ጽሑፉን ሲያነብ ማሰሪያ አንቀጹን ከረሳ «ከዚያስ?» የሚሉት እነሱ ራሳቸው ሆኑ። ደስ አለኝ። ግን ሱፐርቫይዘሩ የክፍል ጩኸት አይወዱም ሲባል ስለሰማሁ ደስታዬን በፍርሃት ነበር የያዝኩት።

ሌላም ሐሳብ ነበረብኝ። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ከካርቱም የመጣች አንዲት ልጅ ክፍሌ ገብታለች። ወላጆቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን እዚያው ተወልዳ በዓረብኛ ነው የተማረችው። አማርኛን ከእናቷ አፍ ታውቀዋለች፤ ፊደሉን ያስቆጠሯት ክረምቱን ሙሉ እናቷ ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ዓረብኛው ደብተሯን ከኋላ ትከፍት ነበር፤ ደብተሩን «ደፍተር»፣ እስክሪብቶውን «ገለም» ስትል ልጆቹ ሳቁባት፤ ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ አፏን አልከፈተችም። ሱፐርቫይዘሩ እሷን አስነሥተው ቢጠይቁብኝስ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ጠና ያሉ፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። መጨረሻው ዴስክ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተጣብበው ተቀመጡ። ከላይ ቆርቆሮው ይፋጃል፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«መንገድ ስለሄደ አንድ ሰው ጻፉ» አልኩ። «አጭር ይሁን፤ ግን ጨርሱት።»

ማን ያነባል ስል የዚያች ልጅ እጅ ተነሣ።

«አባቴ እኔንና እናቴን እስከ ድንበሩ አድርሶ፣ ውሃ ገዝቶ ሰጥቶን፣ ሱቁን ዘግቶ ሊመጣ ወደ ካርቱም ተመልሶ...» አነበበችና ቆመች።

«ከዚያስ?» አለ ክፍሉ በሙሉ፣ እንዳስለመድኳቸው።

«ማሰሪያ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፣ ቲቸር» አለች። «ምን እንደሆነ ስለማናውቅ ነው። ስልኩ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ አይሠራም።»

ላጽናናት ብሞክር እኔው ቀድሜ እንደማለቅስ አውቄዋለሁ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ዓረፍተ ነገሯን ጻፍኩት።

«‹መጣ› በይው» አለ ከፊት የተቀመጠ ልጅ።

«አልመጣማ!» አለው ጎረቤቱ።

«‹ቀረ›» አለች አንዷ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ከደነች።

ልጅቷ ሰሌዳውን እንጂ ማንንም አላየችም።

«በእርግጠኝነት የምታውቂው እስከ የት ድረስ ነው?» አልኳት።

«እስከ መመለሱ። መኪናው ላይ ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እዚያ ላይ ዝጊው።»

ጠመኔውን ተቀብላ «ተመልሶ»ን አጠፋችና «ተመለሰ» ብላ ጻፈች። አራት ነጥብ አደረገችበት። ከዚያ ከሥሩ «እኛ እየጠበቅነው ነው» ብላ ጨመረች።

«የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ተለወጠ አይደል?» አልኳቸው። «መጀመሪያ አባቷ፣ አሁን እነሱ። ለዚህ ነው ሁለት ዓረፍተ ነገር የሆነው።»

ደወሉ ሲደወል መልመጃው ገና አልተነካም።

በኋላ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሱፐርቫይዘሩ «በአንዲት ልጅ ላይ ጊዜሽን ጨረስሽ፤ የዕለቱ ዕቅድ አልተሟላም» አሉኝ። መነጽራቸውን ጠረጉና «ለልጅቷ ግን ጥሩ አደረግሽ። አስተያየቱ ላይ የቱን እንደማስቀድም እንጃ» አሉ። እኔም የቱን ይዤ እንደምተኛ አላወቅሁም።

በማግሥቱ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀረች። ምሳ ሰዓት ላይ የከሰዓት ክፍሌን ለባልደረባዬ አደራ ብዬ፣ እናቷ ሻይ ወደሚሸጡበት መናኸሪያ በባጃጅ ሄድኩ።

«ከአጎቷ ጋር ድንበሩ ድረስ፣ መተማ ዮሐንስ ሄደች» አሉኝ እናትየው ብርጭቆ እያለቀለቁ። «ትናንት መጥታ ‹እየጠበቅነው ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ግን ማንንም አልጠየቅንም› አለችኝ። ከወዲያ የሚሻገረውን ሰው ትጠይቅ ብዬ ለቀቅኋት። ምነው ቲቸር፣ ጥፋት አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም። መንገዱ አሳስቦኝ ነው።»

በዚያ ሰሞን መንገዱ ሲከፈትም ሲዘጋም ማንም አስቀድሞ አያውቅም፤ ተኩስ ተሰማ ከተባለ ሚኒባሶቹ ባሉበት ያድራሉ። ከእናትየው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። የቀዱልኝ ሻይ ቀዘቀዘ። በድንበሩ በኩል መኪና በገባ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን፤ ከዚያ ሳንተያይ እንቀመጣለን። አንድ ሾፌር መንገድ ላይ ፍተሻ አለ ብሎ ሲያወራ እናትየው ያልሰሙ መስለው ከሰሉን ቆሰቆሱ። እኔ በሆዴ፣ ያን ነገር ባላስጻፍኳት ኖሮ ዛሬ ክፍል ውስጥ ትሆን ነበር እላለሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ አቧራ ለብሰው ወረዱ፤ አጎትየው ቀድሞ፣ እሷ ተከትላ። ወሬ አላገኙም። እኔን ስታይ ደነገጠች።

«ቲቸር፣ ቀሪ ተባልኩ እንዴ?»

«ነገ ከመጣሽ አትባዪም» አልኳት።

መጣች። ከዚያ በኋላ ብዙ ትጽፍ ጀመር፦ ስለ ካርቱም ቤታቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው፣ ስለ እናቷ ደንበኞች። ወንዴና ሴቴ ጾታ ግን እስከ መጨረሻው ይምታታባት ነበር። እኔም ስሟን ስጠራ «አቤት» እስክትል ድረስ በየቀኑ ትንፋሼን እይዛለሁ።

የበጋው ሙቀት በበረታበት ወቅት፣ በትምህርት መሀል እናትየው ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ በሩ ላይ ቆሙ። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ከፖርት ሱዳን ነው» አሉ። «በሰው ስልክ። ራሱ ነው!»

ልጅቷ በዴስኮቹ መካከል እንዴት ሾልካ እንደወጣች አላየሁም። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር መሰል እናትየው «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላሉ። ከዚያ ልጅቷ በዓረብኛ፣ እኛ ሰምተን በማናውቀው ፍጥነት፣ ማውራት ጀመረች።

አባቷ እስካሁን አልመጣም፤ መንገድ ሳገኝ እመጣለሁ ብሏል። በዚያች ሰዓት ግን ያን እንኳ አናውቅም ነበር። ልጆቹ በሙሉ ወደ በሩ ዞረዋል። «መጽሐፋችሁን ግለጡ» አልኳቸው። የገለጠ አልነበረም። ስንተኛው ገጽ ላይ እንደነበርን እኔም ጠፍቶኛል።