ሚስማር ያልነካው ቀፎ

አክመልን የአሰላ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ጠጋኝነቱ ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እሱ ግን የጨርቅ ሱቁን ለሚስቱ ለሙቢና ትቶ፣ ከተጣሉ የፎቶ ኮፒ ማሽኖች ሞተር እየነቀለ ኮምፒውተር የሚያዘው የእንጨት መቁረጫ ሠራ። ሦስት ዓመት ፈጀበት። ሰፈሩ ሳቀበት። እኔም ሳቅሁ፤ አልደብቅም።

ማሽኑ የሳጥን ጥርስ ይቆርጣል። የአንዱ ጣውላ ጫፍ ጥርስ በጥርስ ይሆናል፣ የሌላው ደግሞ በዚያው ልክ ይቦረቦራል። ኮላ ቀብተህ ስታጋጥማቸው ይነካከሳሉ፤ በቃ፣ አይላቀቁም። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግን ማሽኑ የቆመበትን ይረሳል፣ ጥርሱ ይዛነፋል፣ ጣውላው ለማገዶ ነው። አሰላ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ! ከአምስት ጣውላ አንዱ ምድጃ ገባ።

እንዲህም ሆኖ ለሳጉሬ ገበሬዎች የሚታደል ስልሳ ዘመናዊ የንብ ቀፎ ከመንግሥት ታዘዘለትና ሠራ። ካስረከበ፣ መንግሥት የሰጠው የሚሠራባት የቆርቆሮ ሼድ በእጁ ትቆያለች። ካላስረከበ ቁልፏን ይመልሳል። ማሽኑን የሚያስገባበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት።

በርክክቡ ቀን ተረካቢ ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው አቶ ዲሪባ አንዱን ቀፎ አገላብጠው አዩት።

«ሚስማሩ የታለ?»

«አይፈልግም፣ አቶ ዲሪባ። ጥርሱ ይይዘዋል።»

«የትዕዛዙ ወረቀት በየማዕዘኑ ስድስት፣ ባለ ስምንት ሳንቲም ሚስማር ይላል።»

«ይቁሙበት እስቲ።»

«እኔ? ኋላ ስሰበር ማን ሊያሳክመኝ!» ኮሚቴው ሳቀ።

አክመል ራሱ ወጥቶ ዘለለበት። ቀፎው ሲጥ አላለም።

«ጥንካሬውንማ አየሁት፣ ወንድሜ» አሉ አቶ ዲሪባ። «ኦዲተር ሲመጣ ግን የሚቆጥረው ሚስማር ነው። አንድ ሳምንት ሰጥቼሃለሁ።»

«የደረቀ የፈረንጅ ጥድ እኮ ነው! ጥርሱ ላይ ሚስማር ከገባ ይሰነጠቃል።»

«ቀስ ብለህ ምታው።»

ቀስ ብለህ ምታው! መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ምክር ነው ይሄ። ሌሎቹ ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመው ሄዱ።

ሙቢና «እምቢ በላቸው» አለችው።

«እምቢ ብዬ ማሽኑን የት ላድርገው? አልጋችን ላይ?»

በቀጭን መሰርሰሪያ እየበሳ ሚስማሩን ማስገባት ጀመረ። ሃያ ቀፎ በደህና አለፈለት። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ፣ ሄዶም ቀረ። መሰርሰሪያው ቆመ፤ ሳምንቱ ግን አልቆመም። በመዶሻ ብቻ መታ። የቀሩት የአርባው ቀፎ ጥርስ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ እየተተረተረ ተከፈተ። የስንጥቁ ድምፅ ሱቁ ድረስ ይሰማ ነበር ትላለች ሙቢና።

ኮሚቴው ተመልሶ መጣ። አቶ ዲሪባ ሚስማሩን ቆጠሩ፤ ልክ ነው። ከዚያ ትዕዛዙን በሙሉ «በመሰንጠቁ ምክንያት ውድቅ» ብለው ጻፉ። ሼዷም ተወሰደች።

ማሽኑን እየፈታ በነበረበት ቀን አብሬው ነበርኩ። አቶ ዲሪባ ብቻቸውን በመኪና መጡ።

«አክመል፣ ሚስማር ያልነካው አንድ አልተረፈህም? ጮሌ ከተማ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ንብ አለኝ። ባለ ሚስማሩ በዝናብ ይዝግና ማዕዘኑ ይከፈታል፤ ንቡ ጥሎኝ ይሄዳል።»

ለናሙና የሠራው የመጀመሪያው ቀፎ ጥግ ላይ ነበር። ወርውሮ ይፈነክታቸዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ እንዲፈነክታቸው ተመኘሁ። እሱ ግን አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ተሸከመው፣ መኪናው ውስጥም ራሱ አስገባላቸው።

አቶ ዲሪባ በጣታቸው ጥርሱን ዳሰሱ። «ሥራ ማለት ይሄ ነው!» አሉ። ሞተሩን ካስነሱ በኋላ በመስኮቱ ብቅ ብለው «በርታ!» አሉት።

«እሺ» አላቸው። ተመልሶም ብሎኑን መፍታት ቀጠለ።