የወንድሜን ባሕር አጠብኩት

ከሜሪላንድ ድልድይ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ አሥራ አራት ዓመት ሞላኝ። ይህን የምናገረው ቆሻሻ አይቼ ማለፍ እንደማልችል እንዲታወቅልኝ ነው። ትንሽ ለመኩራራትም ነው፣ አልዋሽም። ሰው ለመጠየቅ ሄጄ እንኳ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው መታጠቢያ ቤቱ ወለል ጥግ ላይ ነው። ወንድሜ «አንቺ ገነት ብትገቢ እንኳ መጀመሪያ የምትጠይቂው መጥረጊያ የት እንዳለ ነው» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። አሁን ብዙም አያሾፍም።

ወንድሜ በሰባት ዓመት ያንሰኛል። ሚስትም ልጅም የለውም። የነበረው እዚያው አሌክሳንድሪያ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ፣ ሰው የሚያመላልስባት መኪናና የሳሎኑን ግማሽ የያዘ የጨው ውኃ አኳሪየም፣ እሱ ታንክ የሚለው የመስታወት ገንዳ፣ ነበር። ውስጡ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ መስታወቱን እየላሱ የሚውሉ ቀንድ አውጣዎችና ብዙ ኮራል ነበረው። ኮራል ድንጋይ ይመስለኝ ነበር። እንስሳ ነው ሲለኝ ስቄበት፣ የሽሪምፕ ቁራጭ ሰጥቶት እያየሁ ሲውጥ ነው ያመንኩት። ከሁሉም የሚወደው ጣት የመሰሉ ለስላሳ ነገሮቹን ቀኑን ሙሉ የሚያወዛውዘውን አረንጓዴውን ነው። ሲገዛው አንድ ራስ ብቻ ነበረው፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ሦስት አድርሶታል። ሰው ሲመጣ ልጁን እንደሚያሳይ አባት እየጎተተ ወስዶ ያሳየዋል።

ባለፈው ክረምት የደም ካንሰር ተገኘበትና መቅኒው ተቀየረለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስጠነቀቀችን። ሰውነቱ እንደ አራስ ልጅ ሆኗል፣ ምንም መከላከል አይችልም፤ መቶ ቀን እስኪሞላው ሰው የበዛበት ቦታ አይሄድም፣ የአኳሪየም ውኃ ደግሞ ጀርም ስላለበት አጠገቡ አይደርስም። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቤቴ ይዤው መጣሁና የእሱን ቤት ቁልፍ ተረከብኩ። ሥራዬ እዚያው አቅራቢያ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ስወጣ ጎራ እያልኩ ታንኩን አይቼለት፣ ከዚያ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ሜሪላንድ እመለሳለሁ። ምን ምን ማድረግ እንዳለብኝ በወረቀት ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጥፎልኛል። ቁልፉን ሲሰጠኝ «ሌላ ምንም አልፈልግም። ቤቴ ስገባ እሱን በሕይወት ላግኘው» አለኝ። ሰውየው ስለ ራሱ ሕይወት እንዲህ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም።

ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ያለችው እናታችን ሞተች።

የደወሉልኝ ሀያትስቪል ያሉት አጎታችን ናቸው። እዚህ አገር የእኛ ቤተሰብ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። መርዶውን ከነገሩኝ በኋላ አልቅሼ ሳልጨርስ «ወንድምሽ እንዳይሰማ» አሉኝ። «ደሙ ገና ነው። መቶ ቀኑ ይሙላ፣ ያኔ በጠዋት ተሰብስበን መጥተን እንነግረዋለን። እስከዚያ እሱን የሚያስጨንቅ ነገር አንድም እንዳይደርሰው።» እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም፤ ለታመመ ሰውማ ጭራሽ አይታሰብም። በዚህ ላይ የተከራከረ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተከራከርኩም። ትክክል መስሎ ታይቶኝ ነበር።

ለጓደኞቹ፣ ለዘመዱ ሁሉ እንዳይነግሩት ተደወለ። ወንድሜ፣ እናቴስ ምነው ስልኳ አይነሳም ሲለኝ፣ ላንተ ልትጸልይ ሱባኤ ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም አልኩት። በጣም ደስ አለው። ያ ደስታው እስከ ዛሬ ያመኛል።

ለቅሶውን ሀያትስቪል ተቀመጥን። ለእሱ ኦቨርታይም ነኝ ብዬ እወጣለሁ፤ አጎቴ ቤት መታጠቢያ ክፍል ገብቼ ጥቁር ልብስ እለብሳለሁ፤ ሲመሽ አውልቄ፣ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሜ ታጥቤ እመለሳለሁ። ቤት ስገባ እየሳቅኩ ነው። በገዛ ቤቴ ለገዛ እናቴ ማልቀስ አልቻልኩም። የቀረችኝ ማልቀሻ የእሱ ባዶ ቤት፣ አሌክሳንድሪያ፣ አኳሪየሙ ፊት ለፊት ነበረች።

ቡናማውን ነገር ያየሁትም በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ነጩ አሸዋ ላይ አቧራ የወረደ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ንፍጥ ሆነ፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። ከድንጋዩ እየተዝለገለገ ይንጠለጠላል፣ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይይዛል፣ ኮራሎቹ አንገት ላይ ይጠመጠማል። አየሁትና ደሜ ፈላ። የጥርስ ብሩሽና የጎማ ቱቦ ይዤ እጄን እስከ ብብቴ ከተትኩ።

ወረቀቱ በሳምንት አንድ ባልዲ ውኃ ቀይሪ ይላል። እኔ በየሁለት ቀኑ ሦስት ባልዲ ቀየርኩ። በዕረፍቴ ቀን ሮክቪል ያለው የዓሣ ሱቅ ስሄድ፣ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሻጭ ከውኃ ውስጥ ቆሻሻ የሚስብ አሸዋ መሳይ ነገር ሸጠልኝ፤ እሱንም ጨመርኩ። ውኃውን በትንሿ ብልቃጥ ቀድቼ መፈተሻውን ጠብ ሳደርግበት ዜሮ ሆነ። አንድም ቆሻሻ የለም ማለት ነው። ፈተና ያለፍኩ ያህል ደስ አለኝ። በማግስቱ መብራቱ ሲበራ ቡናማው ከበፊቱ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ።

አጠብኩት። ተመለሰ። ደግሜ አጠብኩት። እያለቀስኩ ነበር የማጥበው፣ የቱ እንባ የቱ የጨው ውኃ እንደሆነ እስከማልለይ ድረስ። እናቴን ማጠብና መገነዝ ለእኔ አልደረሰኝም፤ ሌላ ሰው ነው ያጠባት። ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩትም፤ የማስበው ያ ንፍጥ እንዴት እንደናቀኝ ብቻ ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ አንድ በአንድ ከመስታወቱ እየወደቁ በጀርባቸው ተገኙ። አውጥቼ ሳሸታቸው ሞተዋል። አረንጓዴው ኮራል ጣቶቹን ሰብስቦ ዘጋ።

ወንድሜ ማታ ማታ ራት ሳቀርብለት «ታንኩስ?» ይለኛል።

«ሰላም ነው» እለዋለሁ።

«ፒክቸር ላኪልኝ።»

አጥቤ እንደጨረስኩ፣ ቡናማው ገና ሳይመለስ፣ ንጹሑን ጥግ መርጬ አነሳና እልክለታለሁ። እሱ ያችን ፎቶ እያየ ራቱን ይበላል። በዚያን ጊዜ አፉ ሁሉ ቆስሎ ምግብ እንደ መርፌ እየወጋው ነበር፤ ፎቶዋ ስትኖር ግን ሁለት ሦስት ማንኪያ ይጨምራል። ታዲያ እንዴት ብዬ ልንገረው?

አንድ ቀን ጨነቀኝና አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ዓሣው ነገር እየተበላሸብኝ ነው፣ ልንገረው ወይ? እሱ ነው መላውን የሚያውቀው» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ የዓሣ ነገርም ቢሆን አትንገሪው» አሉ። «የባሰውን ይዘን የለም ወይ።»

ያንን ንፍጥ የሚያውቅ፣ ስሙንም መድኃኒቱንም የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረኝ፤ የእኔ ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። እኔ እሱን ትቼ ሮክቪል እመላለሳለሁ።

አረንጓዴው ኮራል ሥጋው እንደ ጄሊ እየረገፈ በአምስት ቀን አለቀ። ነጭ አጥንቱ ቀረ። ስምንት ዓመት ያሳደገውን በእጄ አንስቼ በላስቲክ ጠቅልዬ ጣልኩት። ከዚያ ያደረግኩትን ነገር አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ፤ ያኔ ግን ብልኅ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሮክቪል ሄጄ እሱን የሚመስል ገዛሁ፣ በቦታው ተከልኩት፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

እሑድ ነበር። እኔ ፎጣ አጣጥፋለሁ፣ እሱ ስልኩን በሁለት ጣቱ እያሰፋ ያያል። በጣም ቆየ።

«እትዬ፣ ይሄ የኔ አይደለም» አለኝ።

«እንዴት ያንተ አይደለም? የማን ሊሆን ነው?»

«የኔ ሦስት ራስ ነበረው፣ ይሄ ሁለት ነው። ከሥሩ ደሞ ነጭ ክብ ነገር ይታያል። ሱቅ ውስጥ የሚያጣብቁበት ነው።» ድምፁን አላነሳም። «መቼ ነው የሞተው?»

የያዝኩትን ፎጣ ፈታሁት፣ መልሼ አጠፍኩት። ከዚያ የታንኩን ነገር ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኩት። ሲጮህብኝ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር። አረፋ አለው? ሌሊት ጠፍቶ ቀን ይመለሳል? ቀንድ አውጣዎቹስ? ውኃውን ቴስት አድርገሻል?

«ዜሮ ነው» አልኩት፣ አሁንም በትንሽ ኩራት።

ዓይኑን ጨፈነ። «ዳይኖ ነው» አለ። «ዳይኖፍላጀሌት። በዓይን የማይታይ ነገር ነው፣ ሲከማች ነው እንደዚያ የሚሆነው። ውኃው በጣም ሲጸዳ ሌላው ሁሉ ይራብና ቦታውን እሱ ይይዘዋል። ባጠብሽ ቁጥር ሜዳውን እየለቀቅሽለት ነው። ዓሦቹን በደንብ ፊድ ማድረግ፣ ሦስት ቀን መብራት ማጥፋት፣ ዋተር ቼንጁን ማቆም፣ ትንሽ እንዲቆሽሽ መተው ነበር። ፈርስት ዊክ ብትነግሪኝ ይድን ነበር።»

ያጠፍኩትን ፎጣ ክምሩ ላይ አስቀመጥኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አጎታችን ናቸው» አልኩት። «ምንም ነገር እንዳትሰማ ብለው ነው።»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሱም ሰማው። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ሌላስ ምን እንዳልሰማ ነው ያሉት?»

አንድ ውሸት፣ አንድ ብቻ ፈለግኩ። ለሁለት ወር ሙሉ እንደ ልብ ስዋሽ የከረምኩት ሴትዮ፣ ያን ቀን አንድ አጣሁ።

«የእማዬ ሱባኤ ምን ያህል ነው?» አለኝ። ቀጠለና፣ «መቼ ነው የሞተችው?» አለኝ፤ ስለ ኮራሉ በጠየቀኝ ድምፅ።

ቀኑን ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ።

«አርባዋ አልፏል።»

«አልፏል።»

«የት አወጣችሁት?»

«አጎታችን ቤት።»

«አንቺም ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

ተነስቶ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ሲያለቅስ አልሰማሁትም። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ብዙ ቆየሁ፤ ምንም አልሰማሁም።

ማታውኑ ለአጎቴ ደውዬ ማወቁን ነገርኳቸው፤ በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን ይዘው መጡ። ደሙ ገና ስለሆነ ቤት መግባት አይቻልም፤ ሁሉም ማስክ አድርገው ፓርኪንጉ ውስጥ በእኛ መስኮት ትይዩ ቆሙ። ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ ጎረቤቶቻችን በረንዳ ላይ ወጥተው ማየት ጀመሩ፤ አንዷ አምቡላንስ ልጥራ ወይ ብላ ጠየቀች። እሱ አልጋው ላይ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል።

«መጥተዋል፣ በመስኮት ብቅ በልላቸው» አልኩት።

«ይሂዱ በያቸው።»

ወርጄ፣ ተኝቷል አልኳቸው። እንደገና ዋሸሁ። አጎቴ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ቀና ብለው መስኮቱን ሲያዩ፣ እኚህ ሽማግሌ እንደዚህ ማርጀታቸውን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ተናድጄባቸው ነበር፤ አዘንኩላቸውም። የፈለጉት እንዲተርፍ ነው። ሁላችንም የፈለግነው እሱኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ብሩሽ አላነሳሁም። ታንኩን በጥቁር ላስቲክ ጋርጄ ሦስት ቀን አጨለምኩት፣ ያንን ቆሻሻ የሚስበውን ነገር አውጥቼ ጣልኩ፣ ዓሦቹን ከሥራ በፊትና በኋላ እየሄድኩ በቀን ሁለቴ አበላሁ፣ ውኃ መቀየር አቆምኩ። መስታወቱ አረንጓዴ ሲያወጣ እጄን ኪሴ ከትቼ አየዋለሁ፤ ለእኔ ዓይነቷ ይህ ቀላል አልነበረም። ቡናማው ወዲያው አልጠፋም። በሳምንት ትንሽ ሳሳ፣ ከዚያ ድንጋዩን ለቀቀ፣ በመጨረሻ አሸዋው ላይ በቀትር ብቻ የሚታይ ጥላ ሆኖ ቀረ። ሁለቱ ዓሦች ተርፈዋል። አንድ ሞቷል ያልኩት ትንሽ ወይን ጠጅ ኮራልም ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ፎቶ አንስቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብቼ ሳሳየው ስልኬን ተቀበለኝ። አሰፋው። አራቱንም ጥግ ተራ በተራ አየ፣ የወይን ጠጁን ሥር ደጋግሞ አየ።

«የዛሬ ነው?» አለኝ።

«የዛሬ ነው። እኔ ልሙት፣ የዛሬ ነው።»

ስልኩን መለሰልኝ። «ነገ ቪዲዮ አድርገሽ ላኪልኝ» አለኝ። «ስትቀርጪ ደሞ ቀኑን ጮክ ብለሽ ተናገሪ።»

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ታንኩ ፊት ቆሜ ስልኬን ወደ ዓሦቹ አዙሬ ቀኑንና ወሩን ተናገርኩ፣ ዓመተ ምሕረቱንም ጨመርኩ።