ወደ አገር የሚከፈት ክብ

ትናንት ሮም ውስጥ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለው ገበያ አንዲት ቻይናዊት ከሩዝ ዱቄትና ከቅጠል የተድበለበለ አረንጓዴ ምግብ ስትሸጥ አየሁ። ሽታው እርጥብ ሣር ሣር ይላል። መጋቢት ሊያልቅ መሆኑን ያስታወሰኝ እሱ ነው።

በወጣትነቴ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ በሚባለው ሰፈር አንድ ፔንሲዮኔ፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ከሲኞራ ሊን ጋር አልጋ አነጥፍ ነበር። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ቻይናዊት ናቸው። አንሶላ ስናጥፍ በተሰባበረ ጣልያንኛ የአገራቸውን አቆጣጠር ይነግሩኛል። ጸደይን ስድስት ቦታ ከፍለው ለእያንዳንዱ ስም አውጥተውለታል፤ ዝናብ የሚጀምርበት፣ ነጎድጓድ ትሎችን የሚቀሰቅስበት፣ ቀንና ሌሊት የሚተካከልበት እያሉ።

«ይንገሩኝ እስቲ፣ ትሎቹ ቀጠሮ ያከብራሉ?» ብዬ አሾፍኩባቸው። በዚያው ሳምንት ሰማዩ ሲያጓራ ትራስ እንዳቀፉ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱኝ። ከዚያ ወዲህ አላሾፍኩም።

በዚያ ዓመት እናቴ ጎንደር አረፈች። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ ስላልወጣ ሄጄ መመለስ አልችልም። መርዶውን በስልክ ሰምቼ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። እንባ እምቢ አለኝ፤ መቃብሯ ላይ ሳልቆም መሞቷን ማመን አቃተኝ።

ጥቂት ቆይቶ ሲኞራ ሊን «ነገ መቃብር የምንጠርግበት ቀን ነው፤ ኦስቲያ አብረሽኝ ነይ» አሉኝ። የዘመዶቻቸው መቃብር እዚያ መስሎኝ በባቡር ተከተልኳቸው። የወሰዱኝ ግን ባሕር ዳር ነው። በእጅ መጥረጊያ አሸዋ ሲጠርጉ ሳይ ሳቄ መጣ። ከዚያ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው በጣታቸው ክብ ሠሩ፤ በምሥራቅ በኩል ትንሽ ክፍት ተዉለት። ትናንት ገበያ እንዳየሁት ያለ አረንጓዴ ድብልብል ውስጡ አኖሩ፤ ሻይ አፈሰሱ።

«መቃብሩ ሩቅ ከሆነ እንዲህ ነው። በሩ ወደ አገር ይከፈታል።»

አጠገቡ ሌላ ቦታ ጠረጉና «ይሄ ያንቺ። እናትሽ በየት በኩል ናት?» አሉኝ።

ምሥራቅን ከጸሎት አውቀዋለሁ። ከዚያ ትንሽ ወደ ባሕሩ ዘወር ብዬ ክቡን ሠራሁና በሩን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ባሕር፣ ያ ሁሉ በረሃ በአንዲት ጣት ስፋት ሲገባ ተሰማኝ። ፈራሁ፤ ተደነቅሁም፤ ከዚያ እናቴን አለቀስኳት። ሲኞራ ሊን አላባበሉኝም። ሲበቃኝ ከድብልብሉ አንዱን ሰጡኝ፤ «ሥጋም ቅቤም የለውም፤ ለጾምሽ ይሆናል።»

ከዓመታት በኋላ እሳቸው አገራቸው ገብተው እዚያው አረፉ። ዛሬ እዚሁ ሮም ከተወለደችው ልጄ ጋር ኦስቲያ ሄጄ አንዱን ክብ ወደ እናቴ፣ አንዱን ወደ ሲኞራ ሊን ከፈትኩ። ልጄ «አሎራ ማማ፣ እንግዲህ ያንቺንስ አንድ ቀን ወደየት ልከፍተው ነው?» አለችኝ።

ወደ ምሥራቅ አየሁ፤ ቀጥሎ በባቡር ተነሥተን ወደመጣንባት ወደ ሮም።

«እኔ እዚሁ ነኝ» አልኳት። «መቃብሬ ላይ መጥረጊያ ብቻ ይዘሽ ነይ።»